የአባቴ ክንድ ስንት ኪሎ ሜትር ነበር?

ባለፈው እሑድ ልጄ አዲስ የሒሳብ ደብተሯን ጭኔ ላይ ዘርግታ አንድ ኪሎ ሜትር ስንት ናኖ ሜትር እንደሚሆን ጠየቀችኝ። ከአንድ ኋላ አሥራ ሁለት ዜሮ ደርድረን ሁለታችንም ሳቅን። የደብተሩ ሽታ ግን ካልታጠበ አቡጀዲድ ሽታ ጋር ተመሳሰለብኝና ሐሳቤ ወደ መርካቶ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጣቃ ላይ ተቀምጬ እግሬን ወደማወዛውዝበት ወደ አባቴ ጨርቅ ሱቅ ሄደ።

አባቴ አቡጀዲድ የሚሸጠው በክንዱ ነበር። ጨርቁን ከክርኑ እስከ መሃል ጣቱ ጫፍ ይዘረጋል፣ ይቆጥራል፣ እንደገና ይዘረጋል፤ ዋጋው የሚታሰበው ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ተብሎ ነው። ሴቶቹ የጎረቤቱን ሱቅ አልፈው እሱ ጋ ሲሰለፉ እኔ ለጨዋታው ብለው ይመስለኝ ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ስገባ አስተማሪያችን የርዝመት መለኪያዎችን ሰሌዳው ላይ እንደ ደረጃ ሳሉልን፤ ወደ ታች ሲወርዱ በአሥር ማባዛት፣ ወደ ላይ ሲወጡ በአሥር ማካፈል። በቃ፣ አበድኩ። ከሱቃችን እስከ አማኑኤል ያለውን መንገድ ወደ ሚሊ ሜትር፣ የመርፌ ቀዳዳን ወደ ኪሎ ሜትር ስቀይር እናቴ ይህቺ ልጅ ምን ነካት እስክትል ድረስ። አንድ ቀን ማስመሪያዬን ይዤ የአባቴን ክንድ ለካሁት፤ ሃምሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ግማሽ ሜትር ተብሎ ከሚሸጠው በሁለት ሴንቲ ይበልጣል።

በቀን መቶ ክንድ ቢሸጥ ሁለት ሜትር፣ በዓመት ሦስት መቶ ቀን ቢሠራ ስድስት መቶ ሜትር፣ በሃያ ዓመት አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ጨርቅ በነፃ ሰጥቷል ማለት ነው። ይህንን በደንበኞቹ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩለት። መቀሱን አስቀምጦ አየኝ።

«ስንት ሰው ለበሰው?» አለኝ።

ይሄ ደረጃው ላይ አልነበረም። ተናደድኩ፤ እልኸኛ ልጅ ነበርኩ። እናቴን ጨቅጭቄ ምን አለሽ ተራ ካለ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ የብረት ሜትር አሠራሁና ባንኮው ላይ አስቸነከርኩት። አባቴም የልጁን ትምህርት ማሳፈር ከበደው መሰለኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልክ በሜትሩ ይቆርጥ ጀመር፤ እኔም ኮራሁ።

አባቴ ያረፈ ሰሞን፣ ልቅሶው ድንኳን ውስጥ አንዲት አሮጊት አጠገቤ ተቀመጡ። ድሮ መርካቶ ቅቤ ይሸጡ እንደነበር፣ የእሱም ደንበኛ እንደነበሩ ነገሩኝ።

«አባትሽ ስድስት ክንድ ሲቆርጡልኝ ከቀሚሴ ተርፎ ለአራሱ ልጅ ቆብ ይወጣልኝ ነበር» አሉ። «ሰባት ልጅ እንደዚያ አሳደግሁ። ያ ብረት ከመጣ በኋላ ግን ለስምንተኛው አልወጣም። ማን እንዳመጣባቸው እንጃ።»

እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ ማንም ሳያየኝ፣ በልቤ አሰላሁ። የስድስት ክንድ ትርፍ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር መቶ ሺህ ቆብ ይወጣል። ከሜትሩ ወዲህ ያለውን ደግሞ ለማስላት ሞከርኩ። ዜሮ ነው። ወደ ሚሊ ሜትር ብቀይረውም፣ ወደ ናኖ ሜትር ባወርደውም፣ ያው ዜሮ ነው።