ሊፍት ጠጋኙና የወንድሙ ቁልፍ

የሥራ ባልደረቦቹ «ላይ ታች» ይሉታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሊፍት ሲጠግን፣ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። ሙያውን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ «ወንድም ጋሼ» ይለው ነበር። ባለፈው ዓመት ወንድም ጋሼን ሊፍት ገደለው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንደ ተቀየመ ዘመድ ደጁን መርገጥ ተወ።

ሐኪም ዘንድ ቢሄድ በመድኃኒት ፈንታ በኢንተርኔት የሚያነጋግሩ አማካሪ ታዘዙለት። ስለዚህ በየቅዳሜው፣ ከምሳ በኋላ፣ ግቢ ውስጥ የቆመችው የሥራ መኪና ውስጥ ገብቶ ስልኩን መሪው ላይ ያስደግፋል። ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላሉ። የሰው ሐዘን ሲያዳምጡ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ናቸው።

«ዶክተር፣ እባክዎ አንተ ይበሉኝ» አላቸው በመጀመሪያው ቀን። «አንቱ ሲሉኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ ይመስለኛል።»

አምስት ቅዳሜ አወራቸው። ስለ ጨለማው የሊፍት ጉድጓድ፣ ስለ ግራሶው ሽታ፣ ወንድሙ እዚያ ውስጥ ሲሠራ ስለሚያንጎራጉረው ዜማ። ወሬው የሊፍቱ ሞተር ያለበት ክፍል በር ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይቆረጣል፤ ምስሉ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ይመለስና «ይቅርታ፣ ኔትወርክ ነው» ይላል።

በስድስተኛው ቅዳሜም ጠፋ፤ ተመልሶም መጣ።

«ይሄ ኔትወርክህ ብልጥ ነው» አሉት አማካሪዋ። «ሁልጊዜ እዚችው በር ላይ ነው የሚጠፋው። ድሮ ፊት ለፊት ሳማክር ሰው እዚህ ቦታ ሲደርስ ሽንቴ መጣ ብሎ ይነሳ ነበር። አሁን ደግሞ ኔትወርክ መጣላችሁ።»

ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ አልወጣም።

«እኔ ነኝ የማጠፋው።»

«አውቃለሁ። ከበሩ ወዲያ ምን አለ?»

ቁልፍ ነበር። በሙያቸው ሕግ፣ ወደ ጉድጓዱ የሚወርድ ሰው የሊፍቱን ኤሌክትሪክ አጥፍቶ ማጥፊያውን በራሱ ቁልፍ ይቆልፍና መክፈቻውን ኪሱ ከቶ ይወርዳል። ያ ቁልፍ እዚያ እስካለ ድረስ ማንም ሞተሩን አይነካም። ወንድም ጋሼ ግን ሥራ ጨርሶ ሲወጣ መክፈት ይረሳና ቆልፎት ምሳ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ ተማምነው ትርፍ መክፈቻ ታናሽየው ኪስ አኖሩ። ያን ቀን ታናሽየው ወደ ጉድጓዱ ሁለቴ ተጣራ። መልስ የለም። «ይሄ ሰውዬ ዛሬም ረስቶት ሄደ» ብሎ ቁልፉን ከፈተ። ሞተሩን አስነሳ።

መርማሪዎች ሲጠይቁት «ሳይቆልፍ ነው የወረደው» አላቸው። የሟቹን ዝንጉነት ሁሉም ያውቃልና ሁሉም አመነ። ሐዘኑ አፍ አውጥቶ ቢዘፍን እንዲህ ባለ ነበር፦

ዝም ብትል ጊዜ የሄድክ መስሎኝ እኔ፣
ዛሬም ያ ዝምታ ይጮሃል ከጎኔ።

«ሚስቱ ስሙ ሲነሳ "ለእኛ ያልሳሳ ሰው" ትላለች» አለ ላይ ታች። «አላለቀሰችለትም እኮ ዶክተር። ተቀይማው ነው የቀበረችው።»

አማካሪዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ይቅር ልልህ አልችልም፤ የተበደልኩት እኔ አይደለሁም። ብትነግራት ልትጠላህ ትችላለች። ያን ጊዜም ቅዳሜ እዚሁ ታገኘኛለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ሄደ። የወንድሙ ሚስት የልጆቿን ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቁጭ በል ብትለው እንደቆመ ቀረ።

«እታለም፣ ተቆልፎ ነበር። የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

እጇ ሸሚዙ ላይ ደረቀ። እሱ ሁሉንም ነገራት፤ ትርፍ መክፈቻውን፣ ሁለቴ መጣራቱን፣ ለመርማሪዎቹ ያለውን።

«ዓመት ሙሉ ስረግመው እየሰማህ?»

«እየሰማሁ።»

«እዚሁ ቤት እየበላህ። ልጆቹን እየሳምክ።»

ብትመታው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ሸሚዙን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያስቀረችውን ለቅሶ አለቀሰች፤ «የኔ ጌታ፣ የኔ ጠንቃቃ» እያለች። እሱ አባብሎ ሊያስተዋት የማይችለው ለቅሶ ነበር። ስትጨርስ አላየችውም።

«አባታችሁ ዝርክርክ ነበር ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «አሁን አንተው በአፍህ ትነግራቸዋለህ። ከዚያ በኋላ ይህን ደጅ አትርገጥ።»

ልጆቹን ጠራቻቸው። ሁለቱ ትልልቆቹ የእናታቸውን ፊት አይተው በሩ ላይ ቆሙ። ትንሿ ግን እንደወትሮዋ ሮጣ ጉልበቱ ላይ ተጠመጠመች። እንደያዘችው መናገር ጀመረ።