የግሼ ብርድና ያልተቆጠረችው ሕፃን

ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ብርሃን

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም። ጋምቤላ ሰባት ዓመት ስኖር ከሁሉ አብልጦ የናፈቀኝ ይህ ብርድ ነበር፤ አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ እስትንፋስን ጭስ የሚያስመስል። ተመስገን ብዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ ሁለት ሹራብ ደርቤ ስንቀጠቀጥ አይቶ፣ የመንዝ ልጅ ነኝ ብለው፣ ቆላው አስረስቶሻል እያለ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ።

የምሄደው ለሥራ ነው። ሕፃን ሲሞት ቤተሰቡን እየጠየቅን፣ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረና ምን ቢደረግ ይተርፍ እንደነበር እንመዘግባለን። ለወቀሳ አይደለም፤ ተከታዩ ልጅ እንዳይሞት ነው። ለግሼ ሰው ሲፈለግ እጄን ያወጣሁት ግን አገሬን ለማየት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት፣ መሐል ሜዳ

የገብስ ጆንያ፣ የበግ ጩኸት፣ አቧራ። ጾመ ነቢያት ገብቷልና እስካሁን አልቀመስኩም። ሽሮ ያቀረበችልኝ ሴት የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። የአባቴን ስም ነገርኳት፤ አላወቀችውም።

ማክሰኞ፣ ግሼ፣ ከራቤል ከተማ ወጣ ብሎ

ጓሳው ሣር በአመዳይ ነጭ ሆኗል። የጤና ሠራተኛዋ ስንዱ መዝገቧን ታቅፋ ጠበቀችኝ። መዝገቡ ዓመቱን ሙሉ በቀበሌዋ አንድም ጨቅላ አልሞተም ይላል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እዚህ አድጌያለሁ፤ ክርስትና ሳይነሳ ለሞተ ሕፃን ለቅሶ አይወጣም፣ ስሙም አይነሳም። «ስንት ሞተብሽ?» ስትባል እናቲቱ አትቆጥረውም።

በድንጋይ የተካበ ቤት ገባን። አስካለ የምትባል ወጣት እናት ናት፤ ልትወልድ አንድ ወር አልቀራትም። አማቷ እማማ የሺ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ስለ ሞት ሳላነሳ፣ ስንት ጊዜ እንደወለደች ጠየቅኋት።

«ሁለት ጊዜ።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ልጅ አንድ ነው። ሁለተኛው የት እንዳለ ስጠይቃት መሬት መሬት አየች።

«እሷማ ክርስትና አልተነሳችም።»

ስንዱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

አስካለ እንደነገረችኝ፣ አምና ኅዳር፣ ሊነጋ ሲል ነው የተወለደችው። አጠቧትና፣ እንግዴ ልጁ እስኪወጣ ሁሉም እናቲቱን ሲከብ፣ መደብ ላይ አስተኟት። ሲያነሷት በድን መስላለች። ጡት አልያዘችም። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ከትናንት ጀምሮ በስስት የምተነፍሰው ብርድ ነበር የወሰዳት።

እማማ የሺ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ያጠብኋት እኔ ነኝ። ገዳይዋ አያቷ ናት ብለሽ ጻፊ።»

«እማማ፣ እኔንም ስወለድ እንዲሁ ነው ያጠቡኝ። እግዜር አተረፈኝ እንጂ አያያዙ አንድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለኝም።»

ነጠላቸውን ከአፋቸው አነሱ። «ታዲያ የሚመጣውን ምን ላድርገው?»

ምጥ ሲጀምራት ጤና ጣቢያ ይውሰዷት አልኳቸው። ሕፃኑን በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ ገላውን ከእናቱ ገላ አጣብቆ መሸፈን፣ ቢያንስ እስከ ማግስቱ አለማጠብ። «በደሙ?» ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ። እሺም እምቢም ሳይሉ ሸኙን።

ታኅሣሥ፣ ጋምቤላ

ላቤ ወረቀቱን እያረጠበ ነው። ስንዱ ከሞት በፊት ስለ ወሊድ የሚጠይቀውን አዲሱን አጠያየቅ ይዛ ቤት ለቤት ዞራለች። ያልተቆጠሩ ሌሎችም ተገኙ፤ አብዛኞቹ በብርድ ወራት ተወልደው ወዲያው የታጠቡ ናቸው። የደብሩ ቄስም ከቅዳሴ በኋላ ጨቅላ ቶሎ እንዳይታጠብ ለሕዝቡ ተናግረዋል። በመስኮት የማየው ሁሉ ለምለም ነው፤ ዓይኔ ግን ያንን ደረቅ አምባ ይፈልጋል።

ዛሬ ረፋድ ስንዱ ከጤና ጣቢያው ደወለች። አስካለ ትናንት ሴት ልጅ ወልዳለች። እማማ የሺ አልጋው ጫፍ ተቀምጠው፣ ውኃ ላሙቅ ያለችውን ጎረቤት ሁሉ እየመለሱ ነው አለችኝ። ስልኩን ሰጠቻቸው።

«ልጄ፣ አላጠብኋትም» አሉ። «ትሸታለች። ትሽተት፤ ብቻ ትኑርልኝ።»