ሥራ አስኪያጁ አጎት

የሰፈሩ ሰው «እዛማ» ይለዋል። አፉን በከፈተ ቁጥር በዚህ ነዋ የሚጀምረው። እዛማ መንገዱ መስተዋት ነው፤ እዛማ ወረፋ የሚጋፋ የለም፤ እዛማ ዶሮው እንኳ ሰዓት አክብሮ ነው የሚጮኸው። አገሩ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የተመለሰው ግን እግሩ ብቻ ነው። እዛ ሳለ ደግሞ «አገሬማ…» እያለ ነበር አሉ ሰው የሚያሰለቸው። አንዳንዱ እንዲህ ነው፤ የተቀመጠበትን ወንበር እየረገጠ፣ ያልተቀመጠበትን ሲያሞግስ ዕድሜው ያልቃል።

እዛ ምን ይሠራ እንደነበር ሰፈሩ በቃሉ ያውቀዋል፦ የትልቅ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ። ማስረጃው እህቱ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ከረባት አስሮ፣ እግሩን አጣምሮ፣ አልጋ የሚያህል የቆዳ ሶፋ ላይ ተንፈላሶ የተነሳው ፎቶ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ሥራው ከሶፋው ጀርባ ካለው በር ወዲያ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ የድስት ቂጥ መፈግፈግ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ!

የእህቱ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑ መስኮት ሥር በተቀመጠች የስፌት መኪናዋ የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም የምታለብስ፣ ደንበኛ የማያጣት ባለሙያ። ይህች ልጅ ናት እንግዲህ «እንደ ጋሼ ሰው ልሁን» ብላ፣ መኪናዋን ሸጣ እዛው ለመሄድ የቆረጠችው። ገዢው ዛሬ መኪናዋን ሊወስድ ይመጣል።

ጠዋት ላይ እህቱ ጓዳ አስገብታ ያዘችው።

«ልጄን ያሳበድካት አንተ ነህ። እውነቱን ንገራት!»

«የምን እውነት፣ እትዬ?»

«ተወኝ እባክህ! ጥፍርህን አይቻለሁ። የሥራ አስኪያጅ ጥፍር እንዲህ ምን ይበላዋል? ዝም ብለህ ከሸኘሃት፣ በእጅህ ገደል እንደከተትካት ቁጠረው።»

ላብ አጠመቀው። በዚያ ሁሉ የድስት እንፋሎት መሀል እንኳ እንዲህ አልቦት አያውቅም። ልጅቷን ደግሞ ይወዳታል። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ እስከ ክርኗ አረፋ ገብታ፣ ጎንበስ እንዳለች ታየችው። ተነስቶ ሳሎን ገባ።

«ስሚኝ ልጄ። እኔ ድስት አጣቢ ነበርኩ።»

እግሯን ከመኪናዋ መርገጫ ላይ እንኳ አላነሳችም። «አይ ጋሼ፣ ሲቀልዱ!»

«ከረባቱ የአስተናጋጁ ነው። ሶፋው ላይ የተቀመጥኩት ፎቶው እስኪነሳ ብቻ ነው፤ እሱንም እንግዳ ሳይነቃ። ወዲያው እንደ ድመት አባረሩኝ። ድስት አጣቢ ነበርኩ እያልኩሽ ነው!» ጮኸ።

ማን ቢደነግጥ ጥሩ ነው? እህቱ! ያቺው «እውነቱን ንገራት» ብላ አንገቱን ያነቀችው ሴትዮ፣ ከጓዳ በርራ መጥታ መስኮቱን ድርግም አደረገችው።

«ቀስ በል እንጂ አንተ! ጎረቤት ይስማ?»

እኛ እንዲህ ነን። እውነት የት ጠፋች እያልን ደረታችንን እንደቃለን፤ ደጃችን ስትመጣ ደግሞ ውሻ እንለቅባታለን።

ልጅቷ ስፌቷን አቆመች።

«ታዲያ ለምን ቶሎ አልተመለሱም?»

«ባዶ እጄን? ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ።»

«እኔስ፣ ጋሼ? እሄዳለሁ ብዬ ደንበኞቼን ሁሉ ተሰናብቻለሁ። አልቅሰው፣ መርቀው ሸኝተውኛል። ነገ እዚሁ ተጎልቼ ቢያገኙኝ ምን ይሉኛል?»

እሱ ራሱ በዚሁ ጥያቄ አይደል እንዴ ያረጀው? እህቱን አየ፤ እህቱ ወለሉን አየች። ይህን ጊዜ «እንዳትሄጂ፤ የሚሉትን ይበሉ!» የሚል አንድ ሰው ከቤቱ ጠፋ።

በሩ ተንኳኳ። ገዢው ነበር።

«መኪናዋ ከባድ ናት፤ ጋሼ፣ በዚያ በኩል ያንሱልን» አለች ልጅቷ።

ጎንበስ ብሎ አነሳ። ደጅ ሲወጡ ጎረቤቱ እንደ ሠርግ ተሰብስቦ ቆሟል። ገዢው መኪናዋን አሳርፎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«የእኔም ልጅ ልሂድ እያለች ወጥራ ይዛኛለች። እርስዎ ኖረውበታል፤ እስኪ ይምከሩኝ። ልልቀቃት?»

የጎረቤቱ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። እህቱ ከኋላው ኮቱን ጎተት አደረገችው።

«ይልቀቋት እንጂ!» አለ፣ ጥፍሩን ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ።