ራዲዮኑ ሜትር ያስተማረን ለት

ያን ለት ጠዋት ጥጥ እየነደፍሁ ነበር። ደጋኔን ይዤ ደጃፍ ተቀምጫለሁ፤ ጥጡ ብን ብን እያለ ሻሼ ላይ ሰፍሯል። የኮምቦልቻን ሙቀት መቼም ታውቂዋለሽ ልጄ፣ ሥራ በጠዋት ካልተያዘ በኋላ አይሆንም። አስተማሪዋ ራዲዮኑን ታቅፋ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ ደህና አልነበረም።

ይቺ አስተማሪ የደሴ ልጅ ናት፣ የሆጤ ሰፈር። ገና ሃያም አልሞላት። በደርግ ጊዜ ለኛ ለሴቶቹ መሠረተ ትምህርት አስተምሪ ተብላ ወደ ቀበሌያችን ስትመጣ እኔ ቤት አረፈች፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ልጄ ሆነች።

«ምነው ልጄ?» አልኋት።

«ዛሬ ተቆጣጣሪው ከደሴ ይመጣል፣ እትዬ። ተቀምጦ ሊያየን ነው። ሴቶቹ እንዳለፈው ጊዜ መልስ ካጡ ራዲዮኑን ለሌላ ቀበሌ እሰጣለሁ፣ አንቺንም ራቅ ያለ ገጠር እልክሻለሁ ብሎኛል።»

ራዲዮኑን ቢወስደው ግድ አልነበረኝም። እሷን ግን ወላሂ አልሰጥም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥፋቱ የኛ የሴቶቹ ነው። ራዲዮኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የአሱር ሶላት ሳይደርስ ይከፈታል። ውስጡ ያለው ሰውዬ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል። ሰው እንደምን ዋላችሁ ብሎሽ ዝም ይባላል? ሁላችን ብድግ ብለን «አልሐምዱሊላህ፣ እንደምን ዋልህ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ከብቱ ደህና ነው፣ አዝመራው እንዴት ነው» እንላለን። እኛ ቤተሰቡን ጠይቀን እስክንጨርስ ሰውዬው ግማሽ ትምህርት ሄዷል።

ደሞ መሀል ላይ «እስቲ መልሱልኝ» ብሎ ዝም ይላል። ያኔ እኛም ዝም። ታላቅ ተቀምጣ ታናሽ አትመልስም። ታላቃችን ደግሞ ጆሮዋ ከበድ ያለ ነው፤ «ምን አለ?» ትላለች። እስኪነገራት ሰውዬው «ጎበዞች፣ ልክ ናችሁ» ብሎ ያልፋል። ምን እንዳልን እንጃ፣ ብቻ ልክ ነን። አስተማሪዋም ከሰውዬው እኩል እየሮጠች ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። እሷ ሰውዬውን ስታሳድድ እሷን ማን ይከተላት?

ያው ትምህርት ጠዋትም ይተላለፍ ነበር። ያን ለት አጠገቤ ቁጭ ብላ ከፈተችው። የዛሬው ስለ ሜትር ነው። ሰውዬው የሰው ክንድ ስለሚለያይ ለመለኪያ አይበጅም ሲል ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን አሳቀዎት?»

«ይሄን ለመናገር ራዲዮን ምን አደከመው? አቡጀዲ ልንገዛ ስንወጣ ጎረቤቴን ለምን ይዘናት እንደምንሄድ አታውቂም?»

ጎረቤቴ አጥራችን አንድ ነው። ቁመቷ ጉበን ይነካል፤ ክንዷማ አይነሳ። ጨርቅ በክንድ ሲሸጥ በሷ ክንድ ካስለካሽ ልብስሽ ለነጠላም ይተርፋል። ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋት «መጣችልን፣ ዛሬ ደሞ ማንን ልታለብሺ ነው?» ይሏታል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጨርቅ ሲያምራት መጀመሪያ እሷን ትለማመጣለች። እሷም ትኮራብናለች።

ልጅቷ ይሄን ልብ ብላ ሰማችና ትምህርቱን እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ ሰውዬው የት የት ላይ እንደሚጠይቅ ጽፋ ዘጋችው። «እትዬ፣ እስቲ ከፈተሉት አንድ ልቃቂት ያውሱኝ» አለች። ሰጠኋት።

ከቀትር በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ተቆጣጣሪው ካኪውን ለብሶ ከኋላ ተቀመጠ። ልጅቷ ራዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና ሳትከፍተው ቆመች።

«ጓድ አስተማሪ፣ ተበላሸ እንዴ?»

«ሰዓቱ ገና ነው፣ ጓድ።» ወደኛ ዞረች። «እናቶቼ፣ ሰውዬው ያለው ሩቅ አገር ነው፣ አይሰማንም። ሰላምታውን አሁኑኑ እንጨርስለት።»

ተነሥተን ዝም ያለውን ራዲዮ ልጆቹንም ከብቱንም ጠየቅነው። «ጨረሳችሁ?» ስትል ታላቃችን «አዝመራው ቀርቷል» አለች። አዝመራውንም ጠየቅን።

ከዚያ ከልቃቂቱ አንድ ክር ቆርጣ በየተራ በክንዳችሁ ለኩ አለችን። እኔ ስድስት ተኩል አልሁ። ታላቃችን ሰባት። ጎረቤቴ ስድስት ብቻ።

«አጭበረበርሽ» አልናት።

«ክንዴን ልቁረጠው? አላህ የሰጠኝ ነው።»

ጭቅጭቁ ሲደምቅ ልጅቷ አናጺ የቆረጠላትን ባለ አንድ ሜትር እንጨት አወጣች። ታላቃችንም ለካች፣ ጎረቤቴም ለካች። ሦስት ሜትር። እኔም ሦስት።

ያኔ ልጅቷ በታላቃችን ጆሮ ላይ ጎንበስ ብላ «ትከሻዎን ስነካዎ ክንድ ለምን እንደማይበጅ ይናገሩ፣ ሌሎቹ ይከተሉዎታል» አለቻትና ራዲዮኑን ከፈተችው።

ሰውዬው እንደምን ዋላችሁ አለ። አንዷ ልትነሣ ስትል በቀሚሷ ጎትተን አስቀመጥናት። ወሬውን አወራ፣ አወራና «ታዲያ ክንድ ለመለኪያ ለምን አይበጅም? እስቲ መልሱልኝ» ብሎ ዝም አለ። ልጅቷ ትከሻዋን ነካቻት።

«የሰው ክንድ አንድ አይደለማ። ባለ አጭሯ ትጎዳለች» አለች ታላቃችን። እኛም ተከትለን አዳራሹን አናጋነው።

«ጎበዞች፣ ልክ ናችሁ» አለ ሰውዬው። ያን ለት እውነትም ልክ ነበርን።

ተቆጣጣሪው ክሩን አንሥቶ በራሱ ክንድ ሲለካ አየሁት። ከዚያ ልጅቷን «ራዲዮኑም አንቺም እዚሁ ቆዩ» አላት። «ሳይከፈት በፊት ያደረግሽውን ጽፈሽ ስጪኝ፤ ለሌሎቹ ቀበሌዎች እወስደዋለሁ።»

ደስ ብሎኝ እግሬ መሬት አልነካ አለ። ጎረቤቴ ግን መንገዱን ሁሉ ጥላኝ ከፊት ከፊቴ ሄደች። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«አንቺ ሴትዮ፣ የክንዴን ነገር ለልጅቷ የነገርሻት አንቺ ነሽ አይደል? ከእንግዲህ ሁሉም እንጨቱን ይዞ ገበያ ይወጣል፣ እኔን ማን ይለማመጠኛል? በይ እንግዲህ፣ አቡጀዲ ሲያምርሽ መንገዱን ከእንጨቱ ጋር እያወጋሽ ሂጂ።»