ቆመን የሰማነው የቴክሳስ ጦርነት

ዓርብ ማለዳ ከሐበሾቹ ሰፈር ከፌርፋክስ የተነሣነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ፓርኪንግ ሲጠብቁ ፀጉራቸው የሸበተው ጋሼ ተሰማ። ጉዳያችን ሽምግልና ነው። እዚያው አቅራቢያ ፓልምስ የሚኖረው ወዳጃችን ብርሃኑ ሊንዳ የምትባል የቴክሳስ ልጅ ወዷል፤ እሷ ደግሞ አባቴ እሺ ካላለ አላገባም ብላለች። ሶ፣ ሳን አንቶኒዮ ድረስ ሄደን አባትየውን መለመን ነበረብን።

በታክሲዬ ድራይቭ አደረግኩ። አሪዞና ላይ መሪው ከመጋሉ የተነሣ እንቁላል ብሰብርበት ቁርስ ይወጣልን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ኤል ፓሶ ቤንዚን ስንሞላ ጋሼ ከረባታቸውን አጠበቁ፤ ቴክሳስ ገባን ሲባል የደረስን መስሏቸዋል። ቀጂውን ብጠይቀው ሙሉ ቀን የሚያስነዳ መንገድ ይቀራል አለኝ።

"ይሄን ሁሉ አገር ይዘው አንዲት ልጅ ይከለክሉናል?" አሉ ጋሼ።

እሑድ ከሰዓት

የሊንዳ አባት ሚስተር ሮይ ባርኔጣውን እንዳደረገ በር ላይ ተቀብሎ ተቀመጡ አለን። ቁጭ ልል ስል ጋሼ ክርኔን ጨመቁት።

"ሽማግሌ መሆንህን ረሳህ እንዴ? ልጅቷን ሳይሰጥማ አንቀመጥም።"

እንደ ወጋችን ቆመን ቀረን። የሎሚ ጭማቂ መጣ፤ እሱንም አልነካንም። ፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ የአላሞ ምሽግ ሥዕል ተሰቅሏል። ሰውየው ሥዕሉን አየ፣ እኛን አየና ባርኔጣውን አወለቀ። ምሽጉ ውስጥ ለሞቱት ተዋጊዎች ክብር የቆምን መስሎታል።

ከዚያ ጀመረ። ቴክሳስ የሜክሲኮ ጠረፍ እንደነበረች፣ ሰፋሪዎቹ ነፃነት ብለው እንደተነሡ፣ አላሞ ውስጥ ጥቂት ሰዎች አሥራ ሦስት ቀን ተከበው እንዳለቁ፣ ቅድመ አያቱ በኋላ ዘምቶ በመጨረሻው ውጊያ በአሥራ ስምንት ደቂቃ ድል እንዳደረገ፣ የቅድመ አያቱ ፈረስ ስንቴ እንዳነጠሰ ሳይቀር ተረከልን፤ እኔም ለጋሼ እየተረጎምኩ። ሁለት ሰዓት አለፈ። የኔ ጉልበት በከበባው በሰባተኛው ቀን እጅ ሰጠ።

"የገዛ ልጆቼ እንኳ ይህን ቆመው ሰምተውኝ አያውቁም" አለ፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ።

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን ሰውየውን ሸውጄ ልጁን መውሰድ ከበደኝ። የቆምነው ለሊንዳ ነው፤ አንተ እሺ እስክትል አንቀመጥም አልኩት። ፊቱ ጠቆረ።

"እምቢ ብልስ?"

ለጋሼ ተረጎምኩላቸው።

"እንቆማለና። እነዚያ አሥራ ሦስት ቀን ችለው የለ?"

ይህን ስነግረው ሚስተር ሮይ ጣራው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ሰጥቻችኋለሁ፣ ተቀመጡ አለ። ጋሼ ሶፋው ውስጥ ሰመጡ፤ እሳቸውን ለማስነሣት በኋላ ሁለት ሰው አስፈለገ። ሚስተር ሮይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፦ በሠርጉ ዕለት ታሪኩን ሊተርክ፣ ሙሽራውና ሚዜዎቹም ቆመው ሊሰሙት።

ማክሰኞ

ፌርፋክስ ስንገባ ብርሃኑ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ሽማግሌ ለመሆን አንደበት ይበቃል ብዬ ስኖር፣ ጉልበትም እንደሚያስፈልግ የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው። አባትየው እሺ ማለቱን ስነግረው ብርሃኑ ከመሬት አንሥቶ ስሞኝ ሊገለኝ ነበር። ስለ ትረካውም ነገርኩት።

"ኦኬ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለኝ።

የመጨረሻው ውጊያ በአሥራ ስምንት ደቂቃ ነው ያለቀው አልኩት። አልዋሸሁም።