ራስ ላይ ምንም አይደረግም

አባቴ ዴንቨር ውስጥ የሆቴል እንግዳ ማመላለሻ ሻትል ይነዳል። በየወሩ ከኤርፖርት የሚያመጣቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባለፈው ክረምት ሜክሲኮ ዳርቻ ባላቸው ጀልባ አምስት ቀን ሊያዞሩን ጋበዙን። አባቴ "ክሩዝ ተጋብዘናል" ብሎ ነገረን። እናቴ መዋኛ ያለው ባለ ፎቅ መርከብ መስሏት ለእራት የሚሆን ታኮ ጫማ ይዛ መጣች። የጠበቀን ግን ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ካለው አፓርታማችን ሳሎን የማይበልጥ ባለ ሸራ ጀልባ ነው።

አባቴ ገና ወደቡን ሳንለቅ አጥወለወለውና ታች ካለችው አልጋ ላይ ተዘረረ። ማስተርጎሙ ለእኔ ቀረ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ክሊኒክም ባንክም ለእናቴ የማስተረጉመው እኔ ነኝ፤ ደግሞ እኮራበታለሁ።

ካፒቴኑ፣ ማለትም ሽማግሌው፣ ትእዛዝ ሰጡን። ነፋሱ ግማሹን ወስዶት እኔ የሰማሁት በእንግሊዝኛ ራስ ማለት የሆነውን "ሄድ" እና "ምንም፣ ወረቀትም ቢሆን" የሚለውን ብቻ ነው።

"ራሳችሁ ላይ ምንም እንዳታደርጉ ነው የሚሉት፤ ወረቀትም ቢሆን።"

"ወረቀት ራሱ ላይ የሚያደርግ ማነው?" አለች እናቴ። ቢሆንም ሻሿን ፈታች።

"ነፋስ ይወስደዋል ብለው ነው" አልኳት፣ ከራሴ ጨምሬ።

በሁለተኛው ቀን ያለችን አንዲት ሽንት ቤት እናቴ በጣለችው ወረቀት ተደፈነች። ካፒቴኑ ወደ እሷ እየጠቆሙ "ሄድ፣ ሄድ" ሲሉ ያን ጊዜ ገባኝ። በጀልባ ሰዎች ቋንቋ ሄድ ማለት ሽንት ቤት ነው ለካ። እናቴን እንደ ሕፃን ልጅ ቀስ ብለው ተቆጧት። እስከሚቀጥለው ወደብ ሁለት ቀን፣ እስከዚያ ባልዲ። እሷም ያላወቀችውን ጥፋት "ሶሪ፣ ሶሪ" እያለች ተቀበለች።

እኔ ወደ ጀልባው ጫፍ ሸሸሁ። ቤት ቢሆን ፓርኪንግ ወርጄ መኪና ውስጥ እቀመጥ ነበር። እዚህ አራት እርምጃ ስሄድ ባሕር ነው፤ ስመለስ እናቴ ናት። ሞባይሌ ኔትወርክ የለውም። በግራ በኩል የኮኮነት ዛፎች ተሰልፈዋል፣ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተለጥፏል። እንዲህ የሚያምር እስር ቤት አይቼ አላውቅም። ካፒቴኑ ባለፉ ቁጥር እናቴ አንገቷን ስትደፋ ግን መታገስ አልቻልኩም።

"እማዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ" ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

ከዚያ ተነስታ ሄደችና በራሷ እንግሊዝኛ፣ "ካፒቴን፣ ሄድ፣ ማይ ዶተር ሚስቴክ። ኖት ሚ" አለቻቸው፤ የልጄ ስህተት ነው፣ የእኔ አይደለም ማለቷ ነው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ይቅርታ ጠይቀው መሪውን አስያዟት። ተረፍኩ አልኩ።

"ነይ እስቲ" አለች፣ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል። "ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ያለኝ እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ከትምህርት ቤት የመጣው ደብዳቤስ? ልጅዎ በጣም ጎበዝ ናት ነው ያልሽኝ?"

ወደ ታች አየሁ፤ አባቴ አልጋዋን ሞልቷታል። ወደ ፊት አየሁ፤ ውሃ ነው። ወደቡ ገና አንድ ቀን ተኩል ይቀረዋል።

"ቁጭ ብዬ ልንገርሽ" አልኳት።