ወንፊቷ የጣለችው ሐሳብ

የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊቷ» ይሏታል። ብዙ ሰው በነፃ በሚጠቀምበት አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ላይ «ይህ ይጨመር፣ ያ ይቀየር» የሚል ሐሳብ ከየአገሩ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የሚያልፈው በእሷ እጅ ነው። ታነባለች፣ የሚረባውን ለኮሚቴው ታቀርባለች፣ የማይረባውን ትዘጋለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በአድልዎ ያማት ሰው የለም። በችኮላ ግን ያሟታል።

ሙያውን ያስያዛት ታላቅ ወንድሟ ነው። ገና ተማሪ ሳለች አጠገቡ አስቀምጦ የመጀመሪያዋን የፕሮግራም መስመር አስጽፏታል። ከአራት ዓመት በፊት ግን የዓይኑ ብርሃን ቀስ በቀስ ከድቶት ጨርሶ ጠፋ። ሥራውን ለቆ እናታቸው ቤት ገባ። እሷ እሑድ እሑድ እየሄደች ትጠይቀዋለች። ስለ ጤናው ያወራሉ፤ ስለ ሥራ ግን፣ ቁስሉን የምትነካበት ስለሚመስላት፣ ትንፍሽ አትልም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቷ በር ላይ ተቀበሏት።

«እስቲ ገብተሽ አነጋግሪው፤ ሰሞኑን እህል አልቀምስ ብሎኛል» አሏት።

ወደ ክፍሉ ስትጠጋ የኮምፒውተሩን ድምፅ ሰማች። ማያ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብለታል። «ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት…» እያለ አላባራ አለ። ወንድሟ አንገቱን አዘንብሎ ይጠብቃል። በስንት ጊዜው «መስመር መቶ አሥራ ሁለት» አለ ድምፁ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጭረት?» አለችው።

«የስህተት መልእክት ነዋ። ለናንተ ለምታዩት፣ የተሳሳተው ቃል ሥር የተሰመረ መስመር ነው። ለኔ ግን አንድ ባንድ ይነበብልኛል። ስህተቱ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ መጀመሪያ ቢነግረኝ ኖሮ…» አለ።

ክው ብላ ቀረች። ይህንን ነገር አንብባዋለች። ከሁለት ወር በፊት «ጡረተኛው» በሚል ስም የመጣ ሐሳብ ነበር። የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አይታ፣ «የመልክ ጉዳይ ነው፤ ጥቅሙ አልታየኝም» ብላ ዘግታዋለች።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምናለ ብትነግረኝ?»

«ለወንድሟ አደላች ብለው እንዳያሙሽ ብዬ ነዋ» አላት። ፈገግ ሊል ሞከረና አልሆነለትም። «መዘጋቱ አይደለም የከፋኝ። ሳይነበብ መዘጋቱ ነው፤ ለማያይ ሰው እንደሚጠቅም ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ጽፌዋለሁ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሰኞ ጠዋት፣ ሁሉም በሚያየው ገጽ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህን ሐሳብ ጨርሼ ሳላነብ ዘግቼዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ጸሐፊው ወንድሜ መሆኑን አሁን ስላወቅሁ ውሳኔው ውስጥ አልገባም።» ጉዳዩንም ለሌላ ሰው አስረከበች።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ የኮሚቴው አንጋፋ አባል «ለመሆኑ ስንቱን ነው እንዲህ የዘጋሽው?» ብሎ ጠየቃት።

«አላውቅም» አለች።

ለማወቅ ሦስት ወር ፈጀባት። በእጇ የዘጋችውን ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና አነበበች። ከመካከላቸው የሰባቱን መጨረሻ አይታው አታውቅም። ከፈተቻቸው፣ ለባለቤቶቹም ይቅርታ ጠይቃ ጻፈች። አራቱ መለሱላት። ሦስቱ ግን እስከ ዛሬ ድምፃቸው አልተሰማም፤ ተስፋ ቆርጠው ይሂዱ፣ ሌላ ነገር ያግኛቸው፣ የምታውቅበት መንገድ የለም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ሁለት ሰው ሳያነበውና ምክንያቱ በዝርዝር ሳይጻፍ እንዳይዘጋ ደንብ አስወጣች።

የወንድሟ ሐሳብ ብዙ አከራከረ። የቀድሞውን አቀማመጥ የለመዱ «ሥራችን ይበላሽብናል» ብለው ተቃወሙ። በመጨረሻ የመስመር ቁጥሩ የሚቀድመው ለፈለገ ሰው ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። እሑድ ሄዳ ነገረችው።

«ግማሹን ነው እንግዲህ የሰጡኝ» አለ።

«ግማሹን ነው።»

ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። «እስቲ የተቃወሙበትን ምክንያት አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ፣ ምንም ሳታስቀሪ።»

አጠገቡ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች።